የፊታውራሪው ልጅ ደጅ ሲጠኑ

የአባ በዳሳን ማረፍ የነገሩኝ ኦቦ ደንደና ናቸው። ስልኬ ሲጠራ አምቦ፣ ከምሠራበት ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል ውስጥ፣ የልጇን ካርድ ጥላ የመጣች እናት ላይ እየጮህኩ ነበር። ኦቦ ደንደና ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ልጆቼን በየስማቸው ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ አይገቡም። ያን ቀን ግን «ሲስተር ውቢት» አሉና ዝም አሉ። ገባኝ። «መቼ?» አልኳቸው። «ዛሬ ጠዋት። አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል እንደተኙ» አሉኝ። ያቺን ሴት ከዚያ በኋላ አልተቆጣኋትም። አዲስ ካርድ ጽፌ ሰጥቼ ሸኘኋት።

ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። ባለቤቴ አይቶኝ ደነገጠና «ማን ሞተ?» አለኝ። «አባ በዳሳ» አልኩት። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ግን አንዳንዴ አፉ ይቀድመዋል። «ለካቶሊክ ቄስ እንዲህ ይለበሳል እንዴ?» አለ። ያን ዕለት እራቱን ራሱ ሠርቶ በላ።

እውነቱን ለመናገር እኔም በደህናው ጊዜ ቢሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር። የአምቦ ልጅ ነኝ፤ ታቦት ተከትዬ ያደግኩ ኦርቶዶክስ። ካቶሊክ የሚባል ሰው በቅርብ ያየሁት ሥራ ፍለጋ ስወጣ ነው። ከሸነን ወጣ ብላ፣ የጅባት ደን ጥግ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ካቶሊኮች የከፈቱት ክሊኒክ ነርስ ይፈልግ ነበር። ደመወዙ ከመንግሥት ትንሽ ይሻላል ተባለ። ልጆቼን ለእናቴ ትቼ ሄድኩ። አንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ አባ በዳሳ ባይመጡ ኖሮ እመለስም ነበር።

እሳቸው የመጡት አገሩ ሁሉ በተረበሸበት፣ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ በሚሆንበት ሰሞን ነው። የመጽሐፍ ካርቶን በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከሹፌሩ ጎን ቀጥ ብለው ተቀምጠው ደረሱ። ረጅም ናቸው፤ ሰባውን ያለፉ ቢሆኑም ጎበጥ አላሉም። ከመኪናው እንደወረዱ የመጀመሪያ ሥራቸው ካርቶን መሸከም ሆነ። ዘበኛው ሊቀበላቸው ቢሮጥ አልሰጥም አሉት። ሁለቱ አንድ ካርቶን ይዘው ሲጓተቱ ካርቶኑ ተቀደደና ከሮም ያመጡት መጽሐፍ ሁሉ ጭቃ ላይ ተበተነ። በልቤ «እኚህ ሰውዬ ሥራ ሊያበዙብን ነው የመጡት» አልኩ። አልተሳሳትኩም።

የማን ልጅ እንደሆኑ ያወቅነው በወሬ ሳይሆን በፈረስ ነው። በመጡ በመጀመሪያው ሳምንት ዳገቱ ላይ የታመመ ሰው አለ ተባለና ፈረስ ተዋሱ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ፈረሱ ላይ ወጥተው በገበያው መሐል ሲያልፉ ገብስና ቆጮ ዘርግተው የተቀመጡ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ማንም አላዘዛቸውም። አንዲት ዓይናቸው የደከመ እናት «ኢልመ ፊታውራሪ!» ብለው ጮኹ፤ የፊታውራሪው ልጅ ማለታቸው ነው። «አቀማመጡ ራሱ ነው! ራሱ አባቱ!» አባ በዳሳ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዳገቱ ሲመለሱ ፈረሱን እየሳቡ በእግራቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈረስ ላይ ሲወጡ ያየ የለም። ፈረስ የሌለው ሰው ሰው በማይባልበት አገር፣ ያንን ሁሉ ገደል በእግራቸው ይወጡትና ይወርዱት ጀመር።

ፊታውራሪ ገመዳ የዚያ አገር ባላባት ነበሩ። ከከተማዋ እስከ ደኑ ያለው መሬት የሳቸው ነበር፤ ዛሬ ሽማግሌ የሆነው ሰው ሁሉ አባቱ የሳቸው ጭሰኛ ነበር። አባ በዳሳ የበኩር ልጃቸው ናቸው። አባትየው ፈረንሳይኛ ተምሮ አውራጃ ገዥ ይሁንልኝ ብለው ካቶሊኮች ትምህርት ቤት ቢያስገቡት፣ ልጁ «ካህን እሆናለሁ፣ ሚስትም አላገባም» ብሎ መጣ። «መሬቴን ለማን ላውርሰው?» ብለው ሽጉጥ አወጡበት እየተባለ ይወራል። አባ በዳሳን ስንጠይቃቸው «ውሸት ነው፣ ሽጉጥ አልነበረም» ይሉና ትንሽ ቆይተው «ጠመንጃ ነበር» ይሉናል። ከዚያ በጥቂት ዓመት ውስጥ አብዮቱ መጣና መሬቱ ከነወራሹ ጭቅጭቅ ተወረሰ። «ያን ሁሉ ንዴት በከንቱ ተናደደ፣ የኔ አባት» ይሉ ነበር፤ ሲሉት ግን አይስቁም።

ሮም ተምረዋል፤ ካህናት የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ የጳጳስ ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። ጳጳስ ይሆናሉ ሲባል ራቅ ያለ ቦታ ይጠይቃሉ፤ እንደገና ስማቸው ሲነሣ ደግሞ ከዚያም የራቀ። እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም፤ አንድ ቀን ክሊኒኩ በረንዳ ላይ ተቀምጠን «አባ፣ ለምን ጳጳስ አልሆኑም?» አልኳቸው።

«ሮም ሳለሁ ስለ አንድ የጥንት ጳጳስ ጽፌ ነበር» አሉኝ። «የዛሬ ሦስት አራት መቶ ዓመት የነበረ፣ የትልቅ መስፍን ልጅ ነው። ጢሙ ሳይበቅል ጳጳስ አደረጉት። ረግጦት የማያውቀው ሀገረ ስብከት ሁሉ ግብር ያስገባለት ነበር። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ጎንበስ ብሎ የድሆችን እግር ያጥባል፤ ሕዝቡም እንዴት ያለ ትሑት ነው ብሎ ያለቅሳል። ነገር ግን ድሆቹ ለሱ ከመቅረባቸው በፊት አሽከሮቹ እግራቸውን በሳሙና ፈትገው፣ ሽቶ ቀብተው ነው የሚያቀርቡለት።»

«ታዲያ እሱ ከእርስዎ ጋር ምን አገናኘው?»

«እኔም የመስፍን ልጅ ነኛ! ሹመት ላይ ስቀመጥ ምን እንደምሆን መች አውቃለሁ?»

ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቃቸውን በጣም እወደው ነበር።

ትሕትናቸው ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሰው ያደክም ነበር። ውሃ ራሴ እቀዳለሁ ብለው ጄሪካን አንጠልጥለው ምንጭ ይወርዳሉ። ምንጩ ላይ ያሉት ሴቶች የፊታውራሪ ልጅ ውሃ ሲሸከም እንዴት እናያለን ብለው የራሳቸውን ጥለው ይሮጣሉ፤ እሳቸው አልሰጥም ይላሉ፤ ትግል ይሆናል። እሳቸው አንድ ጄሪካን እንዲሸከሙ ሰፈር ሙሉ ሥራ ይፈታል። ምግብም ራሴ እሠራለሁ ይሉና ሽሮው እያረረ ይነበባል፤ ማለቴ እሳቸው ያነባሉ፣ ሽሮው ያርራል። ሽታው ክሊኒክ ድረስ ሲመጣ በሽተኞቹ «አባ ምሳ እየሠሩ ነው» ይላሉ። ጋቢያቸውን ለሰው ሰጥተው በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። ሌላ ስንገዛላቸው ያንንም ይሰጣሉ።

አንድ ነገር ግን ልብ ብዬ ነበር። ያ ሁሉ ደግነት እያለ፣ ማንንም «እባክህ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ወይ ይሰጣሉ፣ ወይ ያዛሉ። መሐሉን አያውቁትም።

ይህን በደንብ ያየሁት አንዲት ወላድ ይዘን ወደ አምቦ ስንሄድ ነው። ልጁ አልወጣ ብሎ ሴትየዋ ደም እየፈሰሳት ነበር፤ መንገዱ ደግሞ በድንጋይና በግንድ ተዘግቷል። ወጣቶቹ ዱላ ይዘው ቆመዋል። ሹፌራችን አልሄድም ብሎ መሪውን ለቀቀ። አባ በዳሳ በዚያ ነጭ ቀሚሳቸው ወርደው ወደ ወጣቶቹ አመሩ። ሊለምኗቸው ነው ብዬ ከኋላ ተከተልኳቸው። አልለመኑም። ግንዱ ጋ ሲደርሱ በኦሮምኛ «ኑ! ይሄን አንሡ! አንተም፣ አንተም! ሴት ደም እየፈሰሳት ምን ያስቆማችኋል?» ብለው ጮኹ። አነሡት። ድንጋዩንም ጠረጉት። መኪናችን ካለፈ በኋላ አንደኛው «ሰውዬው ማን ናቸው?» ብሎ ጓደኛውን ሲጠይቅ በመስኮቱ ሰማሁ። ያቺ ምስኪን ሴትዮ እንኳ በምጧ መሐል ሳቀች።

እኔም አፌ አላርፍ ብሎ «አባ፣ ዛሬስ ልክ እንደ ፊታውራሪው አዘዙ!» አልኳቸው። ሙገሳ መስሎኝ ነው። እስከ አምቦ አላናገሩኝም።

በዚያች ከተማ አባ በዳሳ ያልገቡበት ቤት አልነበረም። ካቶሊኩ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለሳቸው ግን የኦርቶዶክሱም፣ የፕሮቴስታንቱም፣ የሌላውም ለቅሶና ምጥ የራሳቸው ነው። የማይገቡበት አንድ ቤት ብቻ አለ። ወደ ዳገቱ የሚወስደው መንገድ ዳር የኦቦ ቶሎሳ ቤት ነው፤ ዙሪያውን እንሰት የተተከለበት፣ የእንጨት በር ያለው ግቢ። እዚያ ስንደርስ አባ ዓይናቸውን ወደ መሬት ይጥላሉ፤ እርምጃቸው ይፈጥናል። ብዙ ጊዜ አየሁና ዝም አልኩ። በኋላ ግን ያው እንደ ልማዴ ጠየቅኳቸው። ሳያዩኝ፣ እየተራመዱ ነገሩኝ።

ተማሪ ሆነው ለክረምት ዕረፍት ቤታቸው መጥተው ነበር። ፊታውራሪው የኦቦ ቶሎሳን አባት ኦቦ ጃለታን ከመሬቱ ልቀቅ ብለውታል። «ለምን እንደሆነ እንኳ አላስታውስም» አሉኝ፤ «ትንሽ ነገር ነው። ለኛ ትንሽ ነገር ነበር።» ኦቦ ጃለታ ሰርዶ ይዞ መጣ። በዚያ አገር ለምለም ሰርዶ በእጁ ይዞ ደጅ የቆመን ሰው ጠላት ቢሆን እንኳ አስገብተው ይሰሙታል። ፊታውራሪው አላስገቡትም። ጠዋት የቆመ እስኪመሽ ቆመ።

«እኔ በረንዳው ላይ መጽሐፍ አነብ ነበር» አሉኝ። «ገጽ ስገልጥ ያየኛል። አባባ አስገባው ማለት ነበረብኝ። ልጁ ነበርኩ፤ ለኔ እምቢ አይልም ነበር። አላልኩም። ሲመሽ ሰርዶውን በሩ ሥር አስቀምጦ ሄደ። በዚያ ዝናብ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ወንጪ ዘመዶቹ ዘንድ ሲሄድ ሚስቱ መንገድ ላይ ታመመች። አልደረሰችም። የቶሎሳ እናት ናት።»

ከአብዮቱ በኋላ ቶሎሳ ተመልሶ መጥቶ ከአባቱ መሬት ድርሻውን አገኘ። አባ በዳሳም በስተርጅና ወደዚህ መድቡኝ ያሉት ለዚሁ ጉዳይ ነው። መጥተው ግን ዓመታት አለፉ፤ ያንን በር ማንኳኳት አልቻሉም። «ስቀድስ እጄ ይከብደኛል፣ ሲስተር» አሉኝ። «ሌላውን ሰው ታረቅ እላለሁ፤ እኔ በዚያ ሰው ደጅ በሩጫ አልፋለሁ። እንዲህ ሆኜ መሞት እፈራለሁ።»

«ታዲያ ይሂዱና ይገላገሉት እንጂ!» አልኳቸው። ነገሩ እንዲህ ቀላል መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ከክሊኒኩ ጓሮ ሰርዶ ነቅለው ብቻቸውን ወጡ። ለጤናቸው ፈርቼ ከኋላ ተከተልኳቸው። ኦቦ ቶሎሳ ግቢው ውስጥ ቀንበር ይጠርብ ነበር፤ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ጥቂት የሚናገር ሰው ነው። አባ በሩ ላይ ቆመው ሰርዶውን በሁለት እጃቸው ዘረጉ። ኦቦ ቶሎሳ መጥረቢያውን አስቀመጠ። የተነጋገሩት በኦሮምኛ ነው፤ እኔ የሰማሁትን በአማርኛ ልንገራችሁ።

«ማን ላከህ?» አላቸው።

«ማንም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

«ሽማግሌዎችህስ የት አሉ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በሌላ ሰው አፍ መናገር አልፈለግኩም። በራሴ እግር መጥቼ፣ በራሴ አንደበት ልለምንህ ነው።»

ኦቦ ቶሎሳ ትንሽ አሰበና «አባትህም እንደዚህ ነበር» አላቸው። «ሲያሰኘው ደጃችን ይመጣል። ሰው አይልክም፤ ይመቻችሁ ይሆን ብሎ አይጠይቅም። አንተም አሰኘህና መጣህ። የበደለ ሰው ሽማግሌ ለምኖ ይልካል፤ እሱ ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ሲጠሩት ይመጣል። ይህን አታውቅም?»

«አውቃለሁ። ግን አባትህ...»

«አባቴ ብቻውን የመጣው አገሩ ሁሉ አባትህን ፈርቶ፣ ሽማግሌ የሚሆነው ሰው አጥቶ ነው። አንተ አገር ሙሉ ሰው እያለህ ብቻህን መጣህ። እኛ አጥተን ያደረግነውን አንተ ወደህ ታደርገዋለህ። ሂድ። መጀመሪያ ሰው ለምን።»

መጥረቢያውን አንሥቶ ወደ ቀንበሩ ተመለሰ።

እኔ በንዴት ጦፌ ነበር። አንድ አዛውንት ካህን ዳገት ወጥቶ ሰርዶ ይዞ ሲለምን እንዲህ ይባላል? ታች መንገዱ ላይ አባ በዳሳ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ የሚያለቅሱ መሰለኝ። እየሳቁ ነበር፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቷል። «ሲስተር» አሉኝ፤ «እንደዚያ ጳጳስ የታጠበ እግር ሳጥብ ተያዝኩ!»

ሰው መለመን ለሳቸው ከዳገቱ ሁሉ የከበደ ዳገት ሆነ። ሽማግሌ ከተባለ በዚያ አገር ቀድመው የሚጠሩት ኦቦ ደንደና ናቸው። ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ከአባ በዳሳ ጋር በሃይማኖት ሲከራከሩ ጎረቤት ሁሉ ሥራውን ትቶ ይሰማቸዋል። አባታቸው የፊታውራሪው ጭሰኛ ነበር። አባ በየሳምንቱ ኦቦ ደንደና ቤት ይሄዳሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ድንች በሽታ ያወራሉ፤ ይመለሳሉ። ከተማው ሁሉ ምን ፈልገው እንደሄዱ ያውቃል። ኦቦ ደንደናም ያውቃሉ። ትዕግሥቴ አልቆ ኦቦ ደንደናን «ካወቁ ለምን እሄድልዎታለሁ አይሏቸውም?» አልኳቸው።

«ካልለመኑኝ እንዴት እሄዳለሁ፣ ሲስተር? ልሂድልዎት ብዬ ከሄድኩ የፊታውራሪ አሽከር ሆንኩ ማለት ነው። ለምነውኝ ከሄድኩ ሽማግሌ ነኝ።»

በመጨረሻ የሆነው ክሊኒኩ ውስጥ ነው። ኦቦ ደንደና ጉልበታቸውን አሟቸው አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቁ ነበር። አባ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ ጀመሩና አቋረጡት። ላብ አጥምቋቸዋል። «ኦቦ ደንደና፣ እባክዎን» አሉ። «እባክዎን፣ ቶሎሳ ዘንድ ይሂዱልኝ። ሰው የለኝም።»

ኦቦ ደንደና ቀልደኛ ናቸው፤ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው «ምን አሉ? ይድገሙልኝ እስቲ፣ የካቶሊክ ልመና ሰምቼ አላውቅም» አሏቸው። ከዚያ ግን እጃቸውን ያዙና አጥብቀው ሳሟቸው። በሽተኞቹ ሁሉ አለቀሱ። እኔ መርፌ ይዤ ነበርና ማልቀስ አልቻልኩም።

ኦቦ ደንደና የከተማዋን የኦርቶዶክስ ካህን ቄስ ተፈራን ይዘው ሄዱ። አባ በዳሳ ታች ባሕር ዛፉ ሥር ሆነው፣ ቤቱን እያዩ፣ የሚባለውን ሳይሰሙ ይጠብቃሉ። ኦቦ ቶሎሳ እምቢ አለ። ሌላ ጊዜም ሄዱ፤ አሁንም እምቢ አለ። የመጀመሪያው እምቢታ ወግ ነው፤ ተጎጂው ወዲያው እሺ ካለ ጉዳቱን አቃለለ ይባልበታል። ሁለተኛው ግን ያሳስባል። በዚያ ላይ የአባ እግር ማበጥ ጀመረ። ሲተኙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የልባቸውን ምት አዳምጬ ሕመሙ እዚያ ልናክመው የምንችለው እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ለአዲስ አበባም ደወልኩ። ሊወስዳቸው መኪና እንደሚመጣ ተነገረን። አንዴ ከሄዱ እንደማይመለሱ እሳቸውም እኔም እናውቅ ነበር።

መኪናው በሚመጣበት ቀን ዋዜማ ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ወጡ። እኔና አባ ባሕር ዛፉ ሥር ቀረን። የደም ግፊት መለኪያዬን ይዤ ነበር፤ ሌላ የማደርገው ስለሌለኝ ደጋግሜ እለካቸዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ከበሩ ላይ አይነቅሉም።

«እሺ ባይለኝስ፣ ሲስተር?»

«ይላል» አልኳቸው። አላመንኩትም።

«ባይልም እውነት አለው። እኔ ግን እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። በሕይወቴ እንዲህ የፈለግኩት ነገር የለም።»

ኦቦ ደንደና በሩ ላይ ብቅ ብለው በእጃቸው ጠሩን። ክንዳቸውን ይዤ ቀስ እያልን ወጣን። አባ በየጥቂት እርምጃው ቆመው ይተነፍሳሉ። ኦቦ ቶሎሳ ግቢው መሐል ዱካ ላይ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ አዴ ጫልቱ ከቤቱ ደጃፍ ቆማለች። አባ በሩ ጋ ሲደርሱ ኦቦ ቶሎሳ እጁን አነሣ።

«እዚያው ቁም።»

አባ ቆሙ። እንዲገቡ ሊላቸው ነው ብለን ጠበቅን። አላለም። ፀሐዩ ከባድ ነበር። ቄስ ተፈራ «ኦቦ ቶሎሳ፣ እሺ ብለኸን የለ እንዴ?» አሉት። «ጥሩት አልኩ እንጂ አስገቡት አላልኩም» አለ። «አባቴ እስኪመሽ ቆሟል።»

«ልባቸው ታሟል!» ብዬ ጮህኩ። «እዚህ ወድቀው ቢሞቱ በአንተ ነው!» ኦቦ ቶሎሳ ዞሮም አላየኝ። አዴ ጫልቱ በርጩማ ይዛ ከደጃፉ ወደ በሩ መምጣት ጀመረች። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተዉት» አሉን ዝግ ብለው። «እቆማለሁ።»

ቆሙ።  ላባቸው ከአገጫቸው ይንጠባጠባል። ኦቦ ደንደና ፊታቸውን ወደ እንሰቱ አዞሩ። እኔ ያንን ሰው ጠላሁት፤ ከልቤ ጠላሁት። 

ከዚያ ኦቦ ቶሎሳ ከዱካው ተነሣ። ወደ በሩ መጣ። በሩን ሊዘጋባቸው ነው ብዬ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድኩ። አልዘጋውም። በሩን አልፎ ወጣና ከአባ በዳሳ ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ፊቱን ወደ ገዛ ቤቱ አዙሮ ቆመ። ሁለት ሽማግሌዎች አባወራው የወጣበትን ግቢ እያዩ ቆሙ። ምን እንደሆነ አልገባንም።

ብዙ ቆይቶ፣ አባን ሳያይ፣ «አባቴ የቆመ ዕለት እኔም መጥቼ ነበር» አለ። «ታች መንገዱ ላይ ነበርኩ። ልጅ ነኝ። አጠገቡ ልቁምለት ብዬ ስጠጋ አባቴ አየኝ። ሲዋረድ እንዳላየው ፈልጎ በእጁ ሂድ አለኝ። ሄድኩ። ብቻውን ነበር።»

አባ በዳሳ ዞረው ወደ ታች፣ ወደ መንገዱ አዩ። 

«ደከመህ?» አላቸው።

«አዎ» አሉ አባ።

«ና ቀቢ» አለ ኦቦ ቶሎሳ። ያዘኝ ማለቱ ነው። ክንዱን ሰጣቸውና አባ ተደገፉበት። እንደዚያው ሆነው ሌላ ጊዜ ቆሙ፤ የሚጠብቁት ነገር እንዳለ ሰው።

በኋላ ኦቦ ቶሎሳ ቀና አለና ወደ ገዛ ቤቱ፣ ወደ ገዛ ሚስቱ፣ እንደ እንግዳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።

«ቤቶች! ደጅ ላይ ሰዎች ነን፤ አስገቡን!»

አዴ ጫልቱ በርጩማውን ጣለችው። እያለቀሰች ሮጣ መጥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና «ሴና፣ ሴና!» ማለትም ግቡ፣ ግቡ እያለች ሁለቱንም እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው።